ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት፦ ሌሊት የሚወርደው ስኳር

ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ስኳሩ የሚወርደው ቀጠሮ ይዞ አይደለም። ከመርፌው በኋላ እራት የዘገየበት፣ ጾም ይዞ መጠኑን ያላስተካከለ፣ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ የዋለ፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አንደበቱ ይተሳሰራል። እስከዚያ ድረስ ለስላሳ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ያድነዋል። ራሱን ከሳተ በኋላ ግን ቤተሰቡ ተደናግጦ ማር በአፉ ቢያፈስለት ሊያንቀው ይችላል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ነው፤ አለዚያም ግሉካጎን።

ግሉካጎን ጉበት ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም እንዲለቅ የሚያደርግ ሆርሞን ነው። ለአዋቂ 1 ሚሊ ግራም ይወጋል፤ አሰጣጡን የተማረች እህት ወይም ጎረቤት ትበቃለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ቆጥሮታል። አሜሪካም በ2019 እ.ኤ.አ. በአፍንጫ የሚነፋውን ዱቄት ፈቅዳለች።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ4 ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ሲጀመር መልካም ሐሳብ ነበር፤ አሁንም ነው። ብዙ ቤተሰብ ከብት ሳይሸጥ ታክሞበታል። ይሁንና አሠራሩ የታሰበው ጤና ጣቢያ ለሚደርስ ሰው ነው፤ ሌሊት ቤቱ ራሱን ለሳተ አይደለም። አባሉ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል፣ ይታከማል፣ መድኃኒቱ ካለ ይወስዳል። ከሌለ በመስኮቱ የሚሰማው «ከውጭ ግዙ» ነው። የዓይነት 1 ስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ኢንሱሊን ሲያጣ ደሙ አሲድ በዝቶበት በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። መዋጮውን አስቀድሞ የከፈለ ሰው እንዲህ ባለ ቀን ከኪሱ ደግሞ የሚከፍል ከሆነ፣ ያ መዋጮ ምን ሠራለት?

ኢንሱሊን ማጣት በአሜሪካም ሕይወት አስከፍሏል፤ በኦሃዮ ግዛት የ36 ዓመቱ ኬቨን ሃውድሼል በዓመት መለወጫ ሰሞን ኢንሱሊኑ አለቀበት። የማዘዣው ጊዜ አልፎ ነበርና ፋርማሲው አልሰጠውም፤ ሐኪሙንም ማግኘት አልቻለም። በጥር 2014 እ.ኤ.አ. ሞተ። ቤተሰቡ ባደረገው ውትወታ በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የጸደቀው ሕግ፣ ፋርማሲስቱ በእንዲህ ያለ አጣዳፊ ጊዜ ያለ አዲስ ማዘዣ መድኃኒት እንዲሰጥ ፈቀደ። በርካታ ግዛቶችም ተከተሉት። የኢትዮጵያው ችግር የማዘዣ አይደለም፣ የመደርደሪያና የሒሳብ ነው፤ ሆኖም ሁለቱም ዘንድ በሽተኛውን የጎዳው ለአጣዳፊ ጊዜ ቦታ ያልተወ ደንብ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ፣ ኢንሱሊን ከጤና ተቋሙ ሲጠፋ አባሉ በመድን መታወቂያው ከቀይ መስቀል ወይም ከከነማ መድኃኒት ቤት ይውሰድ፤ ሒሳቡን መድኑ ያወራርድ። ቀጥሎ ግሉካጎን በመድኑ የጥቅም ዝርዝር ውስጥ ይግባ።

«ውድ ነው፣ አገር ውስጥም እንደ ልብ አይገኝም» መባሉ አይቀርም። እውነት ነው፤ ግን ከፋይ የሌለውን መድኃኒት ማን አስመጪ ይጭናል? ለሁሉም በአንዴ ይዳረስ የሚልም የለም። የዓይነት 1 ሕፃናትና ከዚህ ቀደም ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን የሳቱ የኢንሱሊን ተጠቃሚዎች ይቅደሙ። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የእነዚህን ቁጥር ይዞ ግዢ ሊፈጽም ይችላል፤ አሰጣጡን ለቤተሰብ ለማሳየትም ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ።