ስለ ሐተታው ደራሲ ለቀረበው ክስ፦ የመልስ ምት

«ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ የጣልያናዊው መነኩሴ የአባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ስለ ሆነ፣ በኢትዮጵያ ምድር አመክንዮ አልነበረም፤ የፍልስፍና ጀማሪም መጽሐፉን ይተወው» ብለው ያሳተሙት ጸሓፊ፣ ምሁሩ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ክስ ላይ ከክሱ የማይወጣ ድምዳሜ ደርበውበታል።

ስለ ደራሲው የተነሣው ክርክር ገና አልተቋጨም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ክሎድ ሰምነርም ለዘርዐ ያዕቆብ ተሟግተዋል። ይሁን እንጂ ለጸሓፊው ክሱን በሙሉ እንቀበልላቸው። «ዘርዐ ያዕቆብ ጽፎት ከሆነ ተመራማሪ ልቡና ነበረን፤ አልጻፈውም፤ እንግዲያስ አልነበረንም» የሚለው ሙግታቸው ግን በጉለሌ እንኳ አያስኬድም፤ ዝናብ ከዘነበ የሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ይረጥባልና፣ ዛሬ ስላልዘነበ ደረቅ ነው ብሎ የሚወርድ ሰው፣ ልብስ አጣቢዋ ከደጇ በደፋችው ውሃ ይንሸራተታል። በበላ ልበልሃ ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ተጠየቅን የተማረው ከአንዲት ብራና ብቻ ነበርን?

ደግሞስ ሐተታው ምንኩስናን ሲነቅፍ፣ ጋብቻን የሚሽር ሕግ የሰውን ዘር ያጠፋልና ከፈጣሪ አይደለም ይላል። ጀማሪው ሊመረምር የሚገባው፣ ሁሉ ቢያደርጉት የሚያጠፋ ነገር ጥቂቶች ሲያደርጉትም ክፉ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ነው (እዚህ ላይ ሐተታው የሚንገዳገድ ይመስለኛል)፤ ለዚህም ጥያቄ የጸሓፊው ስም፣ ዘርዐ ያዕቆብም ቢሆን ጁስቶ፣ መልስ አይሰጥም።