አሥር ግራም ፖስታ እንደ ግማሽ ኪሎ ሲከፈልበት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው ሳምንት ከሽንዲ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በወንድሙ ቴሌግራም ጻፈልኝ። «መምህር፣ ያ የለጠፉት የወፍ ቴምብር አልተሸጠም?» ይላል። አልተሸጠም ነበር። በንጉሡ ዘመን ከታተሙት የኢትዮጵያ ወፎች ቴምብሮች አራቱ ናቸው፤ ማኅተም ያረፈባቸው ስለሆኑ ውድ አይደሉም፤ ለአራቱም 120 ብር ነው ያልኩት። ልጁ በበዓል ከተሰጠው አጠራቅሞ 150 ብር ይዟል። ደስ አለኝ።

ከዚያ መላኪያ ጠየቅሁ። እዚህ ፍኖተ ሰላም ያገኘሁት አንድ መልዕክት አድራሽ 200 ብር አለኝ፤ ያውም እስከ ቡሬ ብቻ። ከቡሬ ሽንዲ ያለውን ልጁ እንደምንም ይወጣው ማለት ነው። ስነግረው ትንሽ ዝም አለና «ታዲያ መምህር፣ ወፎቹ በርረው አይመጡም?» ብሎ ሳቅ ላከልኝ። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን አላሳቀኝም። 120 ብር ላላት ዕቃ 200 ብር መላኪያ! ምን ዓይነት ንግድ ነው ይሄ?

ለማታውቁኝ አዲስ ተከታዮች፦ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታዬን የምደጉመው ቴምብር፣ የድሮ ፖስት ካርድና የመጀመሪያ ቀን ፖስታ በቴሌግራምና እዚሁ ገጼ ላይ እየሸጥኩ ነው። የብራና መጽሐፍ፣ የድሮ መስቀል፣ ቅርስ የሚባል ነገር አልነካም። አምጥቶ «ሽጥልኝ» የሚለኝ አይጠፋም፤ የቅርስ አዋጁ 209/1992 እንዳለ ነግሬ እመልሰዋለሁ። የኔ ዕቃ ወረቀት ነው። ከካርቶን መደገፊያው ጋር ተመዝኖ አሥርና አሥራ አምስት ግራም የሚሆን ወረቀት።

ችግሩም እዚያ ላይ ነው። አብዛኛው ፈጣን መልዕክት አድራሽ ታሪፉን የሚጀምረው ከግማሽ ኪሎ ወይም ከአንድ ኪሎ ነው። አሥር ግራም ያመጣ የግማሽ ኪሎውን ይከፍላል። አንድ ቁና እህል ይዞ ወፍጮ ቤት የሄደ ሰው የኩንታል ክፈል ቢባል ምን ይላል? «ኧረ በሕግ አምላክ!» ይላል። እኛ ግን ዝም ብለን እንከፍላለን፤ ወይም እንደ ሽንዲው ልጅ እንተወዋለን።

የቡሬ በርበሬ ነጋዴ መኪና ሲወደድበት ጭማሪውን በሃያ ኩንታል ላይ ያካፍለዋል። በኪሎ ሲመጣ ትንሽ ነው፤ ገዢው ያጉረመርምና ይገዛል። እኔ አንዲት ቴምብር ላይ ምኑን አካፍለዋለሁ? የመላኪያ ዋጋ ሲጨምር ቀድሞ የሚወድቀው ትንሽ ዕቃ በትንሽ ዋጋ የሚሸጠው ነው። የአምስት ሺህ ብር ቴምብር የሚገዛ ሰብሳቢ 200 ብር አይሰማውም። የ120 ብሯን የሚገዛው ልጅ ግን በቃ፣ ከገበያ ወጣ።

ነገሩን ሚዛናዊ አድርጌ ልይ። አድራሾቹ በክፋት አልጨመሩም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በጥር 2017 የቤንዚን ሊትር ከ100 ብር በላይ ሆነ። ጎማውም መለዋወጫውም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ወጪ ያየ ሰው በድሮው ዋጋ አድርስልኝ ሊል አይችልም። በኛ በኩል ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ሆኖ የከረመበትን፣ ኢንተርኔት ለወራት የጠፋበትን ጊዜ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያኔ እኔ አንድም ፖስታ አልላክሁም፤ ቴምብር ማሰብም ነውር ይመስለኝ ነበር።

ወደ ውጭ ስንልክ ሌላ ስሌት አለ። ደብዳቤ ከአገር አገር ሲሄድ ላኪው አገር ለተቀባዩ አገር ፖስታ የማድረሻ ክፍያ ይከፍላል። ይህ ክፍያ በዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ የሚሰላው በብር አይደለም፤ የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ በሆነው ኤስ ዲ አር ነው። ብር ሲወድቅ ያ ሒሳብ በብር ሲመነዘር ያብጣል። በዚህ ላይ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) መግቢያ ጀምሮ ዕቃ የያዘ ፖስታ ሁሉ የጉምሩክ መረጃው በኤሌክትሮኒክስ ቀድሞ መላክ አለበት። አሜሪካም ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ጀምሮ እስከ 800 ዶላር ድረስ ያለቀረጥ ይገባ የነበረውን ዕቃ መብቱን አነሣችበት፤ የብዙ አገር ፖስታ ቤቶች ግራ ገብቷቸው ወደዚያ ዕቃ መላክ ለጊዜው አቁመው ነበር። ዋሽንግተን ያሉ ሁለት ደንበኞቼ፣ አንደኛው የድሮ ተማሪዬ ነው፣ «ጋሼ፣ ሰው ሲመጣ ይላኩልኝ» ማለት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ኑሮው የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የተራ ደብዳቤ ቴምብር በ2021 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ 55 ሳንቲም ነበር፤ በሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) 78 ሳንቲም ሆነ። ዴንማርክ ውስጥ ፖስትኖርድ የተባለው ድርጅት በ2025 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ደብዳቤ ማድረስን ጨርሶ አቁሟል። ደብዳቤ ጸሐፊ በጠፋበት ዘመን የቀረው ጥቂቱ ላኪ የጠፋውንም ወጪ ይሸከማል።

ግን እኮ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ቴምብር ራሱ የተወለደው ከርካሽ መላኪያ ነው! ከ1840 (እ.ኤ.አ.) በፊት በእንግሊዝ ደብዳቤ በርቀትና በገጽ ብዛት እየተሰላ፣ ብዙ ጊዜም ተቀባዩ እየከፈለ ነበር የሚሄደው። ድሃ እናት የልጇ ደብዳቤ መጥቶላት መክፈል አቅቷት ትመልሰው ነበር። ሮውላንድ ሂል የተባለ ሰው «ቀላል ደብዳቤ የትም ይሂድ የት አንድ ፔኒ ይሁን፣ ላኪው ቀድሞ ይክፈል» የሚል ሐሳብ አመጣ። ለዚያ ክፍያ ምልክት ሆና የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ናት ቴምብር የምንላት። እኛም አልቆየንም። ዳግማዊ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ፤ ፓሪስ በታተሙት የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች አራቱ ላይ የንጉሡ ምስል፣ ሦስቱ ላይ አንበሳው አለ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆንን። እንግዲህ ዛሬ ቴምብር በመላኪያ ውድነት ከእጅ ወደ እጅ መሄድ አቃታት። እናቷ የበላቻት ድመት መሰለችኝ።

እኔ ራሴ ሰብሳቢ የሆንኩት በትምህርት ቤቱ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። አገራችን ፖስታ ቤት ለቤት አይዞርባትም፤ ሣጥን የሌለው ሰው አድራሻ የለውም ማለት ነው። የገጠር ልጅ ሣጥን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ለብዕር ጓደኛም፣ ለዶይቼ ቬለ የአማርኛ ክፍልም ስንጽፍ አድራሻችን ትምህርት ቤቱ ነበር። መልስ የመጣለት ልጅ ፖስታውን ለክፍሉ ሁሉ ያሳያል፤ ቴምብሯን ውኃ ውስጥ ነክረን እናላቅቃለን። ኮሎኝ የት እንዳለች ካርታ ላይ የፈለግሁት በዚያች ወረቀት ምክንያት ነው። በኋላ ጂኦግራፊ አስተማሪ መሆኔ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከእናንተም መካከል በኔ ክፍል ቴምብር እየተቀባበላችሁ የአገር ስም ያጠናችሁ አላችሁ፤ አትክዱም።

«መምህር፣ ሰው ጤፍ መግዛት ባቃተው ጊዜ እርስዎ ለቴምብር ያለቅሳሉ?» የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ያች ቀጭን ፖስታ የቴምብር ብቻ አይደለችም። ቡሬ ውስጥ የጥልፍ ንድፍ በወረቀት እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ እናት አውቃለሁ። ያገለገለ ቀጭን መጽሐፍ፣ የአትክልት ዘር፣ የእጅ ሥራ አምባር የሚሸጡ ወጣቶች አሉ። ቴሌብር በ2013 ከመጣ ወዲህ ከደምበጫ ሆኖ ከድሬዳዋ ገንዘብ መቀበል የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ገንዘቡ በደቂቃ ይመጣል፤ ዕቃው ግን ከዋጋው በላይ ካልተከፈለበት አይሄድም። ግማሽ መንገድ ተሠርቶ ድልድዩ የቀረ ማለት ነው።

እስከዛሬ ድልድይ የሆነን የመኪና ረዳት ነው። «ወንድሜ፣ ይቺን ፖስታ ቡሬ መናኸሪያ አንድ ልጅ ይቀበልሃል» ብሎ አደራ መስጠት። አብዛኞቹ እጅግ ታማኞች ናቸው፤ ሃያ ብር ስሰጣቸው እንኳ «ተወው ጋሼ» የሚሉኝ አሉ። አደራ ግን ደረሰኝ የለውም። ረዳቱ መኪና ሲቀይር፣ ስልኩ ሲዘጋ፣ መንገድ ሲቆም ማንን ትጠይቃለህ? ደረሰኝ ያለውም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ድርጅት ጋ ከፍዬ ስድስት የመጀመሪያ ቀን ፖስታዎች ወደ ደሴ ልኬ ለሁለት ታጥፈው ደረሱ። ሰብሳቢ ያውቀዋል፤ የታጠፈ ፖስታ ዋጋው ግማሽም አይሆንም። የገዢውን ገንዘብ ከኪሴ መለስኩ። የዚያ ወር ትርፌ እሱ ላይ አለቀ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሌላው የሚወሰድ አለ። የዓለም ፖስታ ኅብረት ለዓይነ ስውራን የሚላክ ጽሑፍን ከመላኪያ ክፍያ ነፃ አድርጓል። ለመጽሐፍና ለታተመ ወረቀት የተለየ ዋጋ መስጠትም የቆየ ልማድ ነው። ኢቤይ ደግሞ በ2021 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ለቀጭን ዕቃ ርካሽ ፖስታ ጀመረ። በመሰብሰቢያ ካርዶች ተጀምሮ ቴምብርና ፖስት ካርድም ተጨመረበት፤ ዋጋው ከ20 ዶላር ያልበለጠ ዕቃ በተራ ደብዳቤ ዋጋ ገደማ ይሄዳል፣ የት እንደደረሰም ይታያል። ፍጥነት አይሰጥም። እኛም ፍጥነት አልጠየቅንም።

የምጠይቀው ይህን ነው። እስከ 50 ግራም ለሚሆን ቀጭን ፖስታ አንድ ደረጃ ይኑር፤ ከፍኖተ ሰላም ቡሬም ይሂድ ጅግጅጋ ዋጋው አንድ ይሁን። ቁጥር ይኑረው፣ ላኪው በስልኩ ይይበት። ሳምንት ቢፈጅ ግድ የለም፤ መኪናው እንደሆነ በሌላ ጭነት ምክንያት መሄዱ አይቀርም፣ አሥር ግራም ነዳጅ አይጨምርበትም። ታሪፍ ሲቀየርም ቀድሞ ይነገረን። ዋጋ ለጥፈን፣ ገንዘብ ተቀብለን፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ አዲስ ዋጋ መስማት ትንሽ ነጋዴን ውሸታም ያደርገዋል። የገጠር ትምህርት ቤቶች ሣጥን ደግሞ እንደ ድሮው ለተማሪው ያገልግል።

እኛ ሻጮችም ንጹሕ አይደለንም። ሁለት መቶ ከፍለን ሦስት መቶ የምንጠይቅ አለን፤ ይህ ነውር ነው። መላኪያውን ለብቻ እንጻፍ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንሥተን እንላክ። እኔ ከዚህ ወር ጀምሮ በወር ሁለት ጊዜ ብቻ እልካለሁ፤ የአንድ ከተማ ትእዛዝ በአንድ ፖስታ ሆኖ እዚያ ያለ አንድ ደንበኛ ያከፋፍላል። የባሕር ዳርና የደብረ ማርቆስ ልጆች፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ገዢዎችም ትንሽ ታገሡን።

የሽንዲው ልጅ ነገር እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። የድሮ ተማሪዬ ለሥራ ወደ ቡሬ ሲወርድ በደብተር መሐል አድርጌ ሰጠሁት፤ ከቡሬ ደግሞ ዘመዱ ወሰደው። ትናንት ማታ ልጁ አራቱን ቴምብሮች ደብተሩ ላይ ደርድሮ ፎቶ ላከልኝ። ከሥራቸው የወፎቹን ስም በእስክሪብቶ ጽፏል፤ አንዱን ተሳስቷል፣ አርሜለታለሁ። «የቀረችኝ 30 ብር አለች፣ ሌላ ወፍ ካለ ያስቀምጡልኝ» ይላል።

አስቀምጬለታለሁ። የምልክበትን ግን አላውቅም። ቡሬ የሚሄድ የድሮ ተማሪ ሁልጊዜ አይገኝም።

እናንተ በየከተማችሁ በምን ነው የምትልኩት? ስንትስ ከፈላችሁ? ከታች ጻፉልኝ፤ አንድ ላይ ሰብስበን ለሚመለከተው እናቀርበዋለን። ሰላም ሁኑልኝ።