ራክሻም ባጃጅም፦ የመኪና አርማ ሲቀየር ፋብሪካው አብሮ ይመጣል?

በምሥራቅ ሱዳን፣ ኤርትራውያን ስደተኞች ለአሥርተ ዓመታት በኖሩበት በኡም ጋርጉር አካባቢና በመላው የገዳሪፍ ግዛት ባለ ሦስት እግሯ ተሽከርካሪ «ራክሻ» ትባላለች። በጋላባት በኩል ድንበሩን ተሻግሮ መተማ የደረሰ መንገደኛ ደግሞ ያችኑ ተሽከርካሪ «ባጃጅ» ሲሏት ይሰማል። ባጃጅ የአንድ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው። ተሽከርካሪዋን ተፎካካሪው ቲቪኤስ ሠርቷት ቢሆን እንኳ ለኢትዮጵያዊው ተሳፋሪ ያው ባጃጅ ናት።

ኩባንያው ራሱ የተነሣው በሌላ አምራች ሥራ ላይ ነው። እአአ በ1960 አካባቢ ከጣሊያኑ ፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ በሕንድ የቬስፓ ሞተር ብስክሌቶችንና ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎችን ማምረት ጀመረ። ፈቃዱ በ1971 ሲያበቃ ግን ፋብሪካው አልተዘጋም። የተማረውን ይዞ በራሱ ስም ማምረቱን ቀጠለ።

በሌላ አምራች መኪና ላይ የራስን አርማ መለጠፍ ለሱዳንም ሆነ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሁለቱም አገሮች ሞክረውታል፤ ውጤቱ ግን እንደ ሕንዱ አልሆነም።

የተለመደ የንግድ ስልት

አሠራሩ በራሱ ማታለል አይደለም። በ2020 በደቡብ አፍሪካ ለገበያ የቀረበችው ቶዮታ ስታርሌት፣ ከአርማዋና ከጥቂት ውጫዊ ለውጦች በቀር፣ በሕንድ የምትሠራው ሱዙኪ ባሌኖ ናት። አዲስ ሞዴል መንደፍ ከፍተኛ ወጪ ስለሚጠይቅ ኩባንያዎቹ ወጪውን ይጋራሉ። ገዢውም መለዋወጫ ከሁለት በኩል የማግኘት ዕድል ይኖረዋል።

የሚያሠጋው የኃላፊነት ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 2023 የቶዮታ ንዑስ ኩባንያ ዳይሃትሱ በደኅንነት ፍተሻ ላይ ማጭበርበሩ ሲጋለጥ ጉዳዩ 64 ሞዴሎችን የሚነካ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ 22ቱ የሚሸጡት በቶዮታ አርማ ነበር። ቶዮታ ግን ስሙን የሚያስጠብቅበት አቅም ስላለው ኃላፊነት ወስዶ ማስተካከያ ጀመረ። አቅሙ የሌለው ባለ አርማ ቢሆን ጉዳቱን የሚሸከመው ገዢው ነው።

ዓባይ፣ ተከዜና ጊያድ

በኢትዮጵያ በ2000ዎቹ የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ ሽርክና ሆላንድ ካር፣ የቻይናውን ሊፋን 520 ገጣጥሞ «ዓባይ» ብሎ ሸጠ። ሊፋን በኋላ ራሱ በያንግፋን ሞተርስ በኩል በኢትዮጵያ መገጣጠም ሲጀምር፣ ሆላንድ ካር ወደ ሌላው የቻይና አምራች ወደ ጃክ ዞሮ «አዋሽ» እና «ተከዜ» የተባሉ ሞዴሎችን አቀረበ። ወደ ገዳሪፍ ሲዘልቅ ሰቲት የሚባለው ተከዜ ስሙ ቢለወጥም ውኃው ያው ነው፤ መኪናውም እንዲሁ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ሆላንድ ካር ሥራውን አቆመ። ሊፋንም በ2020 በቻይና ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት ሥር ወደሚመራ የመልሶ ማደራጀት ሂደት ገባ።

ሱዳን በ2000 ከካርቱም በስተደቡብ በጀዚራ ግዛት የከፈተችው የጊያድ ኢንዱስትሪ ማዕከል ደግሞ የውጭ አምራቾችን መኪኖች ሲገጣጥም ቆይቷል። ከመንግሥትና ከጦር ኃይሉ ጋር ያለው ትስስር ግን በ2007 የአሜሪካ ማዕቀብ ሰለባ አደረገው። ሚያዝያ 2023 የጀመረው ጦርነትም ወደ ጀዚራ ዘለቀ። ክፍሎቹ ከውጭ፣ ገበያውም በመንግሥት ላይ የተንጠለጠለ መገጣጠሚያ አንዱ በተቋረጠበት ቁጥር ይናጋል።

ዛሬ በአዲስ አበባ

ጥያቄው ዛሬም አላረጀም። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች በጎዳናዎቿ በዝተዋል። ከእነዚህ መካከል የቮልስዋገን አርማ የለጠፉት አይዲ ፎር እና አይዲ ሲክስ ይገኙበታል። አይዲ ፎር በቻይና የሚመረተው በሁለት የተለያዩ ሽርክናዎች ሲሆን፣ አንዱ «ክሮዝ»፣ ሌላው «ኤክስ» ብሎ ይሸጠዋል። አይዲ ሲክስ ደግሞ ከመነሻው የተሠራው ለቻይና ገበያ ነው። አርማው የጀርመን ቢሆንም ሶፍትዌሩ፣ መለዋወጫውና ዋስትናው የታሰቡት ለሌላ አገር ደንበኛ ነው።

በአገር ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና እንገጣጥማለን ለሚሉ ድርጅቶችም መመዘኛው አርማው ላይ የተጻፈው ስም ሊሆን አይገባም። ከክፍሎቹ ስንቱ እዚሁ ይሠራል? ባትሪው ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው? ውሉ ሲያበቃ ንድፉና ዕውቀቱ በማን እጅ ይቀራል? ባጃጅ በ1971 ፈቃዱ ሲያበቃ ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ነበረው። ሆላንድ ካር ሊፋን ሲለየው አልነበረውም።