የተሻረ ሰው ቃሉም ይሻራል ወይ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ተረቱ የሚያወራው ስለ ሆድ ነው። የተሻረው ሰው ቃልስ አብሮት ይሻራል ወይ? እኛ አይሻርም ባዮች ነን።

ምስክራችን እዚሁ ደጃችን ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ደሴን መናገሻቸው ያደረጉት አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ዘመቱ፤ በጥቅምት ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ታዲያ ነገሩ በዚያ አበቃ? የለም! ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተይዘው ፍቼ ቢታሠሩም በ1924 ዓ.ም. አመለጡ ሲባል ቤተ መንግሥቱ ደነገጠ፤ የጎጃሙ ራስ ኃይሉም ረድተዋል ተብለው ተከሰሱ። ልጅ ኢያሱ በ1928 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ ያለ ሥልጣን 19 ዓመት ተፈርተው ኖሩ።

በፈቃዱ የወረደስ? መምህር የነበሩት የታንዛንያው ጁሊየስ ኔሬሬ በ1978 ዓ.ም. ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቁ። እርግጥ የፓርቲ ሊቀመንበርነቱን ጥቂት ዓመት ይዘው ቆይተዋል፤ እሱን አናመሰግንም። ኋላ ግን የቡሩንዲን ተፋላሚዎች ለማስታረቅ እስከ ዕለተ ሞታቸው ደክመዋል።

በአገራችንም አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ፣ እሳቸውም የቀድሞ መምህር፣ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ልልቀቅ ብለው ጠየቁ። አዋጅ ቁጥር 653/2001 ለተሰናባች መሪ ቤትና መኪና ይሰጣል። ደግ ነው። በኛ እምነት የጎደለው ግን የወረደ ሰው በአደባባይ የሚመክርበት ወንበር ነው። እሱን ከነፈግነው ቃሉ በጓሮ ይገባል። እሱም ቢሆን ይምከር እንጂ አይዘዝ!

ዕጩ መምህራን ሆይ! ነገ ከመካከላችን ርዕሰ መምህር የሚሆን አለ። ስንሻር ጠመኔያችንን ይዘን ወደ ክፍል እንመለስ። ተተኪያችን ሲጠይቀን እንምከር፤ በመምህራን ማረፊያ ተቀምጠን ግን ሴራ አንጠንስስ።