ዘግይታ የመጣች ወረቀት

«ያቤሎ ገበያ ላይ ዋጋ ቆርጦ ከብቱን ያስረከበ ሻጭ፣ ዝም ብሏልና በነጋዴው ደረሰኝ ላይ የተጻፈው ሁሉ ያስገድደዋል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ምቹ ሕግ ነው፤ ለነጋዴው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን እንዲህ አይልም። ሻጩ «ገንዘቤን እዚሁ» ሲል ገዢው «እሺ፣ ግን አዳማ ከተመዘነ በኋላ» ካለ፣ ያ እሺታ በአንቀጽ 1694 መሠረት እምቢታ ነው፤ አዲስ ሐሳብም ነው። ዝምታስ? በአንቀጽ 1682 በመርህ ደረጃ መቀበል አይደለም።

«አስረክቧል እኮ!» ይሉናል። የገዢውን ቃል ሰምቶ ካስረከበ ተስማምቷል፤ በዚህ አልከራከርም። ከብቱ መኪና ላይ ከወጣ በኋላ፣ በማያነበው ቋንቋ ተጽፋ እጁ ላይ የተቀመጠች ወረቀት ግን፣ ቀድሞ ካልተስማማባት ወይም ኋላ ካልተቀበላት አታስገድደውም፤ አንቀጽ 1685 አለ። «ገበያው የለመደው ነው» ለሚሉትም፦ የለመደው ማን ነው፣ ከፋዩ ወይስ ክፍያ ጠባቂው?