«ተቀበል» የሌለበት ቀልድ

«ቀልድ እኮ ነው፤ ምን ታካብዳለህ!»

ይህችን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ የፈለሰፈውን ሰው ባውቀው ኖሮ ኒሻን አሸልመው ነበር። በዚህ አገር ከሷ የተሻለ መደበቂያ አልተገኘም። ባላገሩን አዋርደህ፣ በዓይነ ስውሩ አስቀህ፣ የቤት ሠራተኛዋን እንደ ኳስ አንከባለህ ስታበቃ «ቀልድ ነው» ካልክ ነፃ ወጣህ። የተሰደበው ሰው ቢከፋው ጥፋቱ የራሱ ነው፤ «ቀልድ የማይገባው ፋራ» ተብሎ በላዩ ላይ ሌላ ስድብ ይመረቅለታል። ጉድ በል ጎንደር!

ይህን የምለው ሳቅ ጠልቼ አይደለም። የሐሙሲት ልጅ ነኝ፤ ደራ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ሰዓት ሳይሞላ የምታገኟት ከተማ ናት። አልፋችሁ ጉማራን ከተሻገራችሁ ፎገራ ነው፤ የአለቃ ገብረ ሐና የትውልድ ቦታ ናበጋ ጊዮርጊስ ያለበት። እንግዲህ የቀልድን ነገር ከአዲስ አበባ ሲኒማ ቤት አልተማርነውም ብል ጉራ አይሁንብኝ።

በአለቃ ስም የሚነገረው ቀልድ ሁሉ የሳቸው ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው። ሊቅነታቸው ግን አያከራክርም። ዛሬ «ተክሌ» የሚባለው አቋቋም ከሳቸው የመጣ ነው፤ በልጃቸው ስም ተጠርቶ፣ ጎንደር ፊት ቢነሳው ደብረ ታቦር የተቀበለው። ሕዝቡ ስለ ሳቸው ሲያወራ እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙ። አለቃ ምላሳቸውን የሚሰነዝሩት ሰውየው ፊት ቆመው ነው። ምኒልክና ጣይቱ በተቀመጡበት፣ መኳንንቱ በተኮለኮሉበት። ሲረቱ ይረታሉ፤ ሲረቱባቸውም የሚያሳየው ቀልድ አብሮ ይነገራል። ሁሉም ቀልዳቸው የተቀደሰ ነው ማለቴ አይደለም፤ ዛሬ ብሰማው የሚጎረብጠኝ ብዙ አለ። ብቻ ከጀርባ አልነበረም።

አዝማሪም እንደዚያው ነው። አንድ ጊዜ ለዘመድ ሠርግ ከአዲስ አበባ ከራባቴን አስሬ፣ ሸሚዜን አስተኩሼ ዳስ ገባሁ። አዝማሪው ገና ሲያየኝ ማሲንቆውን እየገዘገዘ መጣና ከራባቴን የጥጃ ማሰሪያ አደረገው። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔስ ዝም እላለሁ? ተነሥቼ ብሩን ግንባሩ ላይ ለጠፍኩና «ተቀበል!» አልኩት። ጥጃ እንኳ ጠግቦ ይለቃል፣ ማሲንቆ የያዘ ግን ኪስ እስኪነጥፍ አይለቅም ብዬ ሰጠሁት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አዝማሪው ይህን ስድብ ማዜም አለበት። ወጉ ነው! የገዛ ስድቡን በገዛ ማሲንቆው፣ በገዛ ጉሮሮው፣ አሳምሮ አወረደው። ዳሱ እንደገና ተናወጠ፤ እኔና እሱም ተቃቅፈን ጠላ ጠጣን።

ለኔ የቀልድ ሕጉ ይኸው ነው። ቀልደኛ ይውጋ፤ ሥራው ነው። የተወጋው ሰው ግን «ተቀበል» የሚልበት በር ይኑረው። በሩ ከተዘጋ ቀልድ መሆኑ ይቀርና ዱላ ይሆናል።

አሁን ወደ አውቶቡሱ ልውሰዳችሁ። በ2011 ዓ.ም. ፋሲካን አገር ቤት ልውል በሌሊት ተነስቼ ደብረ ታቦር በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አባይ በረሃን ወጥተን ደጀንን እንዳለፍን ረዳቱ ፊልም ከፈተ። አስቂኝ የአማርኛ ፊልም። ርዕሱን አልጽፍም፤ እንዲህ ያለው አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጽፈው ነበር። ታሪኩንም እናንተው ትነግሩኛላችሁ። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ አለች። ፍሪጅ ስትከፍት መብራቱ ሲበራባት ታማትባለች። ቴሌቪዥን ውስጥ ላለው ዜና አንባቢ እጅ ትነሣለች። ሪሞቱን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ «ሃሎ» ትላለች። አነጋገሯ ደግሞ የጎጃሙም የወሎውም የጎንደሩም ባንድ ድስት የተቀቀለ፣ የትም ቀበሌ ሰው የማይናገረው ነው። ዘበኛውም አለ። እሱም ከዚያው ነው፤ በጓሮ ይወዳታል፣ ሲወዳትም ያስቃል፤ የባላገር ፍቅር ራሱ ቀልድ ነዋ! አውቶቡሱ ይንከተከታል። ልዋሽ አልፈልግም፤ እኔም ስቄያለሁ።

አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ግን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ሳበች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። እግሯ ሥር በሲባጎ የታሰረ ማዳበሪያ ከረጢት አለ። አገሯን ጠየቅኳት፤ ከሐሙሲት ወጣ ብሎ ወደ ዋንዛዬ መሆኑን ነገረችኝ። የአገሬ ልጅ! አዲስ አበባ ሰው ቤት ስትሠራ ሦስት ዓመቷ ነው።

«አያስቅሽም እንዴ እህቴ?» አልኳት፤ ጅል ጥያቄ።

«በፊት ስቄለት ነበር ጋሼ» አለችኝ። «እትዬ ቤት አብረን አይተነዋል። ከዚያ በኋላ ነው ልጆቹ ስሜን ትተው በሷ ስም ይጠሩኝ የጀመሩት። እንግዳ ሲመጣም ‹እስቲ እንደሷ ተናገሪ› ይሉኛል።»

«አንቺስ ምን ትያቸዋለሽ?»

«ምን እላለሁ? እናገራለሁ።»

ሳቄን ዋጥኩት። ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

እስቲ ንገሩኝ፤ ይህች ልጅ በየትኛው ማሲንቆ «ተቀበል» ትበል? ደራሲው አያውቃትም። ወይም ያውቃታል፤ እሷን የመሰለች የሠራችለትን ወጥ በልቶ ተነሥቶ ነው ስለሷ የሚጽፈው። ሕጉም ቢሆን አያውቃትም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/1996 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አደረገና ነገሩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል ብሎ አለፈ። ከዓመታት በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያንኑ ደገመ። ስለዚህ በዚች አገር ያለ ቤት ሠራተኛ አዋጅ ይወጣል፤ ያለ ቤት ሠራተኛ ኮሜዲ ግን አይወጣም!

ለምን እሷ? መልሱ ቀላል ነው፤ ስለማትናከስ። ቀልደኞቻችን እኮ የሚቀለድበት ነገር አጥተው አይደለም። ማኅተም ይዞ «ነገ ተመለስ» የሚለው ሹም አለ። ትናንት የተናገረውን ዛሬ የማያስታውስ ካድሬ አለ። በስብሰባ ብዛት ሥራ የረሳ መሥሪያ ቤት ሞልቷል። እነዚህ ሁሉ በነፃ የሚታደሉ ኮሜዲዎች ናቸው። እነሱን መንካት ግን ያስከትላል። ስለዚህ ጀግናው ቀልደኛ ሹሙ ፊት ያጣትን ድፍረት መልሶ የሚያገኛት ማድ ቤት ገብቶ ነው።

ነገሩ ሥር አለው። የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትራችን ራሱ ኮሜዲ እንደነበር ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ እኚያው ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ብለው ጻፉ። በአራዊት እያመካኙ የዘመኑን ሹማምንት ሸነቆጡ። ወርቁ አልጠፋቸውም፤ ንግሥት ዘውዲቱ አገዱት። እንግዲህ የኢትዮጵያ ቴአትር ገና ዳዴ ሲል የተማረው ትምህርት ወደ ላይ አትቀልድ የሚል ነው። ትምህርቱን በደንብ አጥንተነዋል። አልፎ አልፎ እምቢ የሚል ይገኛል፤ በረከት በላይነህ ጽፎት ግሩም ዘነበ የሚጫወተውን «እያዩ ፈንገስ» ያየ ያውቀዋል። እዚያ መድረክ ላይ ያለው እብድ ነው፤ ግን በእብዱ አንስቅም። እሱ ነው በኛ የሚስቀው። እብድን፣ ገጠሬን፣ ሠራተኛን መድረክ ላይ ማውጣት ነውር አይደለም ማለቴ ነው። ነውሩ አውጥቶ አፏን መያዝ ነው።

«እና ምን ትላለህ፣ ፊልሙ ይታገድ?» የሚል አይጠፋም።

አይታገድ! አሥር ጊዜ አይታገድ! ለቤት ሠራተኛዋ ብሎ መቀስ የሚያነሣ ቢሮ ነገ ያንኑ መቀስ ለሚኒስትሩ ያነሣዋል፤ እንዲያውም ለሚኒስትሩ ይፈጥናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን በማናቸውም መልኩ ከልክሏል። በወረቀት ላይም ቢሆን ደግ ነው። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እንኳ የኪነ ጥበብ ሥራን ከክልከላው አውጥቶታል። መልካም አደረገ እላለሁ፤ ዳኛ ቁጭ ብሎ የቱ ቀልድ ያስቃል የቱ ያስከፋል እያለ ሲበይን ማየት አልፈልግም። ደግሞም እገዳ የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1979 የእንግሊዞቹ የሞንቲ ፓይተን ቡድን «ላይፍ ኦቭ ብራያን» የተባለ ፊልም ሲያወጣ ኖርዌይ ሃይማኖት ተነካ ብላ አገደችው። ጎረቤት ስዊድን ውስጥ «ከማሳቁ የተነሣ ኖርዌይ ያገደችው» ተብሎ ማስታወቂያ ተሠራለት!

እዚህ ላይ ግን ጎበዞቹ ይመጡና «ሕግ ካልከለከለው አንተ ምን አገባህ?» ይሉኛል። ያገባኛል እንጂ! ሕጉ ስለማይገባበት ነው እኔ የምገባበት። ዳኛ ዝም ያለበት፣ ሳንሱር የሌለበት ቦታ ላይ የቀረን የሕዝብ አፍ ብቻ ነው። ቁጣችን የዚያች ልጅ «ተቀበል» ነው። ቀልደኛ የመሳደብ መብት ካለው እኛም «ነውር ነው» የማለት መብት አለን። እሱ ሲናገር ነፃነት፣ እኛ ስንመልስ ማካበድ የሚሆነው በየት አገር ሂሳብ ነው?

ደግሞ ቁጣ የለንም አትበሉኝ። አለን፤ አድራሻው ነው የተሳሳተው። ኮሜዲው ማኅበር ያለውን፣ ጠበቃ ያለውን ሰው ሲነካ ዓለም ይሰማል። እሷ ስትነካ የሚሰማው ሳቅ ብቻ ነው። ይህ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 «ቦራት» የተባለው ፊልም ወጣ፤ እንግሊዛዊው ቀልደኛ ሳሻ ባሮን ኮኸን የካዛኪስታን ጋዜጠኛ ነኝ ብሎ አሜሪካን የሚዞርበት። የካዛኪስታን መንግሥት ተቆጣ፤ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ገጾች ገዝቶ አገሩን አስተዋወቀ። በ2012 ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፊልሙ ጎብኚ አበዛልን ብለው አመሰገኑ። መንግሥት ነዋ፤ «ተቀበል» የሚልበት ገንዘብ አለው። የቦራት መንደር ሆና የታየችው ግን ካዛኪስታን ውስጥ ያለች አይደለችም። ግሎድ የምትባል የሩማንያ ድሃ መንደር ናት። ፊልሙ ውስጥ አንዱ ነዋሪ የመንደሩ ሴት ደፋሪ፣ ሌላው ጽንስ አስወራጅ ተብሎ ቀረበ። የሚሠራው ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ አልተነገረንም አሉ። ኒውዮርክ ድረስ ሄደው የ30 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረቱ፤ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። ዓለም በግሎድ ሰዎች ሳቀና ወደ ቤቱ ገባ። የኛዎቹ ግሎዶች ደግሞ እዚሁ ማድ ቤታችን ውስጥ ሽንኩርት እየከተፉ ናቸው።

ቁጡ ስል ሲኒማ ቤት ስበሩ ማለቴ አይደለም፤ ተዋናይዋን መንገድ ላይ ያዙ ማለቴም አይደለም። እሷም እንጀራዋ ነው። ፊልሙ ሲመረቅ ደራሲውና ፕሮዲዩሰሩ ከፊት ቆመው «አስተያየት» ይሉ የለ? እጅ አውጥታችሁ ጠይቁ። «ይቺ ሴት አገሯ የት ነው? ይህ አነጋገር የማን ነው? ስሟስ ምንድነው?» በሉ። ካልመለሰ የሚቀጥለው ፊልሙን ቲኬት አትግዙ። እቤታችሁ ልጆቻችሁ ሠራተኛዋን በፊልም ስም ሲጠሯት ብትሰሙ ደግሞ... እሱን ለኅሊናችሁ ትቼዋለሁ።

እኔ በበኩሌ የዚያን ዕለት ባሕር ዳር ስንደርስ ረዳቱን ጠርቼ «አንተ ወንድሜ፣ እባክህ ዝጋው» አልኩት። «ሕዝቡ እየሳቀ ነው እኮ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ይስቅ ነበር። ሁለት ሦስት ሰው ከኋላ «ምናባቱ ሆኖ ነው ይሄ ሽማግሌ» ሲል ሰማሁ። ሽማግሌ እንኳ አይደለሁም! ብቻ ረዳቱ እያጉረመረመ ዘጋው።

ሐሙሲት ስንደርስ ልጅቱ ከረጢቷን አንሥታ «ወራጅ አለ!» አለች፤ በአገራችን አነጋገር፣ ጥርት አድርጋ። ከኋላ ጃኬት የለበሰ አንድ ጎረምሳ በፊልሟ ሴትዮ ድምፅ «ወራጅ አለ!» ብሎ ደገመላት። ሳቅ ሊፈነዳ ሲል ዞር ብላ አየችው።

«ወንድም ዓለም፣ ቴሌቪዥኑ እኮ ተዘግቷል!»

አውቶቡሱ በሙሉ በጎረምሳው ሳቀ። እሷ ከረጢቷን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ ወረደች።