19 አሸንፎ 31 የተሸነፈው ቡድን

ዛሬ ስለ ቤዝቦል ልጽፍ ነው። "ቲቸር ፈረንጅ ሆነ" እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ግን ትንሽ ታገሱኝ።

በ2019 ለዋሽንግተን አዲስ ገብ ነበርኩ። ማታ ማታ ፓርኪንግ ውስጥ እሠራለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሰውዬ፣ ጋሽዬ ነው የምላቸው፣ ያለ ናሽናልስ ጨዋታ ሌሊቱ አይነጋላቸውም። ምድር ቤት ስለሆንን ሬዲዮዋ ትቆራረጣለች፤ ሳል ይሁን ጭብጨባ አይለይም። ጨዋታውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሜይ መጨረሻ ላይ ቡድኑ ከ50 ጨዋታ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። ኮከቡ ብራይስ ሃርፐር በ330 ሚሊዮን ዶላር ፊላዴልፊያ ሄዷል። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ጩኸት በየቦታው ነው። እኔም ሕጉን በቅጡ ሳላውቅ "አለቀላቸው" አልኩ። ጋሽዬ "ገና 112 ጨዋታ ይቀራል እኮ" ብለው ሬዲዮዋን ከፍ አደረጓት።

አሰልጣኙ አልተባረረም። 93 ጨዋታ አሸንፈው ጥሎ ማለፍ ገቡ፤ 106 ያሸነፈውን ዶጀርስን ጣሉት፤ ለዋንጫ 107 ካሸነፈው የሂዩስተን አስትሮስ ጋር ተገናኙ። ሂዩስተን ላይ ሁለቱን አሸነፉ። ከተማችን ቀይ ለብሶ ጠበቃቸው፤ እዚህ ሦስቱንም ተሸነፉ! 4 ለ 1፣ 8 ለ 1፣ 7 ለ 1። ማክስ ሸርዘር አንገቱ ተይዞ በአምስተኛው ጨዋታ መወርወር አልቻለም።

ተመልሰው ሂዩስተን ሄደው 7 ለ 2 አሸነፉ። ኦክቶበር 30፣ ሰባተኛው ጨዋታ፣ ሸርዘር ተነስቶ ወረወረ። እስከ ስድስተኛው ዙር 2 ለ 0 እየተመሩ ነው። በሰባተኛው ሬንዶን ሆምራን መታ። ከዚያ የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የሜዳውን ጠርዝ የሚያሳየውን ቋሚ ገጭታ ተመለሰች። ትንሽ ወጣ ብትል ኖሮ አትቆጠርም ነበር። 3 ለ 2! ጋሽዬ የደንበኛ ቁልፍ እንደያዙ ዘለሉ። 6 ለ 2 አለቀ። በሰባቱም ጨዋታ እንግዳው ቡድን ብቻ ያሸነፈበት ፍጻሜ ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም፤ ለዋሽንግተንም ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው ዋንጫ ነው።

ደስ አለኝ። ግን ያን ሌሊት "አለቀላቸው" ያልኩት ነገር ትዝ ሲለኝ አብሮ የመጣብኝ ሌላ ነው።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ደረጃ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከ62 ተማሪ 58ኛ ለወጣው ልጅ "አንተስ ትምህርቱን ትተህ ሥራ ብትፈልግ ይሻልሃል" አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። በሁለተኛው ሴሚስተር አልመጣም።

የግማሽ ዓመት ደረጃ በሰው ፊት ማንበብ መቅረት አለበት የምለው ለዚህ ነው። ባልደረቦቼ "ካልተነበበ ማን ያጠናል?" ይሉኛል። እኔም ውጤት ይደበቅ አላልኩም። 31ዱ ሽንፈት ውሸት አልነበረም፤ ተቀይረው የሚገቡት ወርዋሪዎች በእርግጥ ደካማ ነበሩ። ክለቡ ጁላይ ማብቂያ ላይ ሦስት ወርዋሪ አስመጣ። ዋንጫውን ያረጋገጠችውን የመጨረሻ ኳስ የወረወረው ዳንኤል ሃድሰን ከሦስቱ አንዱ ነው። እኔ ለዚያ ልጅ የቱ ጋ እንደከበደው እንኳን አልጠየቅኩትም።

ስምህን እዚህ አልጽፍም። ከመስኮቱ ጎን ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነበርክ። ይህን ካነበብክ ኢንቦክስ አድርግልኝ፤ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው።